የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ አፕ ላይ መክፈል ያዋጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በብዛት አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ካሉ ሐበሾች የሚሰሙ ናቸው፤ ከአዲስ አበባና ከዓረብ አገር የሚነሱትም ወደ ታች አሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመክፈልዎ በፊት ስልክዎ ላይ የሚታየውን ይመኑ።

ባጭሩ ንገሩኝ፤ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

የሚፈልጉት ዓይነት ሰው እርስዎ ባሉበት ከተማ አፑ ላይ ካለ፣ ነፃው አካውንት የቱ ጋ እንዳገደዎትም ለይተው ካወቁ፣ ለአንድ ወር ቢከፍሉ ገንዘብዎ ሜዳ ላይ አይቀርም። ሰው ከሌለ ግን ስድስት ወር ቢከፍሉም ያው ነው። በክፍያ የሚገኘው ቶሎ መታየት፣ ጊዜ መቆጠብና አንዳንዴም ከሰው ዓይን መሰወር ነው። አፑን ጭኖ የማያውቅን ሰው ከየትም አያመጣልዎትም።

ሳልከፍል ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ። ቲንደር፣ ሂንጅና ባምብል በሚባሉት ትልልቅ አፖች ላይ ሁለት ሰዎች ማች ካደረጉ (እርስ በርስ ላይክ ከተሰጣጡ) በኋላ መጻጻፉ ነፃ ነው። የሚገደበው እንደየአፑ በቀን የሚሰጡት የላይክ ብዛት፣ ማን ላይክ እንዳደረገዎት ማየት፣ በችኮላ ያሳለፉትን ሰው መመለስ፣ ቦታ መቀየርና ጠበቅ ያሉ ማጣሪያዎች ናቸው። በ1995 እንደተጀመረው ማች ዶት ኮም ያሉ ነባር ድረ ገጾች ግን መልእክት መላላክን ራሱን ከክፍያ ጋር አያይዘው ነው የኖሩት። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ይህችን ያጣሩ፦ ማች ካደረግን በኋላ ሳልከፍል መጻፍ እችላለሁ ወይ?

ላይክ ያደረጉኝ ሰዎች ፎቶ ደብዝዞ ይታየኛል። ከፍዬ ልክፈተው?

ብዙ ሰው ካርዱን ከቦርሳው የሚያወጣው እዚህ ስክሪን ላይ ነው። ፎቶዎቹ ተደርድረዋል፤ የአንዷ ሹሩባ፣ የአንዱ ነጭ ሸሚዝ ይለያል፣ ፊታቸው ግን ጭጋግ ነው። ከላይ «12 ሰዎች ወደውዎታል» ይላል፣ ከታች «ይክፈቱት» የሚል ቁልፍ አለ።

አሥራ ሁለቱም እርስዎ በወሰኑት ዕድሜና ርቀት ውስጥ ላይሆኑ ይችላሉ። በወሰኑት ውስጥ ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ በተለመደው ተራ ይመጣሉ፤ ጥቂት ቀን በትዕግሥት ስዋይፕ ካደረጉ (ፎቶዎቹን በጣት እየገፉ ካሳለፉ) የተወሰኑትን በነፃ ያገኟቸዋል። ላይክ በመቶ ለሚቆጠርላት ሴት ክፍያው እውነትም ጊዜ ይቆጥባል፤ ዝርዝሩን አይቶ መምረጥ አንድ በአንድ ከማለፍ ይቀላል። አምስት ላይክ ላለው ሰው ግን የአምስት ሰው ፎቶ እየገዛ ነው።

በአካባቢዬ በቂ ሐበሻ እንዳለ በምን ልወቅ?

በነፃው አካውንት አንድ ሳምንት ይፈትሹት። ዕድሜውንና ርቀቱን በእውነት በሚፈልጉት ልክ ያድርጉ፤ «እስቲ ይስፋ» ብለው 300 ኪሎ ሜትር አያድርጉት፣ ለቡና 300 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ጥቂት ነው። በየቀኑ ስንት ሊያገኙት የሚፈልጉት ሰው እንዳዩ ልብ ይበሉ። ሐበሻ በሚበዛባቸው የአሜሪካ ከተሞች፣ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሚኒያፖሊስ ባሉት፣ ከሆኑ ሳምንቱን ሙሉ አዲስ ፊት ሊያዩ ይችላሉ። ሐበሻ የሚባል በጣት የሚቆጠርበት ትንሽ ከተማ ከሆኑ ግን በሁለተኛው ቀን «በአካባቢዎ ያለው አልቋል» ይልዎታል። ያ መልእክት ከመጣ አይክፈሉ፤ ያለቀውን ሰው ክፍያ አይጨምረውም።

ሌላው ችግር ማጣሪያው ነው። «ኢትዮጵያዊ» ወይም «ኤርትራዊ» ብለው የሚመርጡበት ቦታ ትልልቆቹ አፖች ላይ አይጠብቁ። ሃይማኖት ላይም ብዙዎቹ ካቶሊክ፣ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ብለው ያልፋሉ፤ ኦርቶዶክሱንና ጴንጤውን አንድ ላይ ነው የሚያመጡልዎት። ለዚህ ማጣሪያ ብለው ከከፈሉ ያዝናሉ። ነፃ የሆነ ዘዴ አለ፦ ፕሮፋይልዎ ላይ አንድ መስመር በአማርኛ ይጻፉ። «ሽሮ ላይ የሚያሾፍ አይጻፍልኝ» ብለው ቢጽፉ የሚያነበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ የመጀመሪያ ጨዋታም ይሆናል።

የሐበሻ ብቻ የሆኑ ድረ ገጾች አይሻሉም?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሰው ብዛት ነው። ትንሽ ድረ ገጽ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ተመዝግቦ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ፕሮፋይሉን የረሳ ሰው አሁንም «አባል» ተብሎ ይቆጠራል። ሰውየው መጨረሻ የገባበትን ቀን የማያሳይ ድረ ገጽ ላይ ባይከፍሉ ይመረጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ያናድዳል። አንዳንዱ ድረ ገጽ መልእክት ለመላክም ለማንበብም ክፍያ ይጠይቃል። እርስዎ ከፍለው ይጽፋሉ፤ እሷ ስላልከፈለች ማንበብ አትችልም። እርስዎ ናቀችኝ ብለው ያዝናሉ፣ እሷ «መልእክት አለሽ፣ ክፈይ» የሚል ኢሜይል ይደርሳታል። ካርድዎን ከማስገባትዎ በፊት የአገልግሎት ገጹ ላይ ይህን ይፈልጉ፦ ያልከፈለ አባል ለከፈለ አባል መመለስ ይችላል? መልሱ ካልተጻፈ ወይም ተድበስብሶ ከሆነ ይለፉት።

እኔ የምፈራው ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ ነው። ለዚህ መክፈል ተገቢ ነው?

በእኔ እምነት ሐበሻ ለአፕ የሚከፍልበት ከሁሉ የተሻለ ምክንያት ይሄ ነው፤ ለምን ብዙ እንደማይወራለት አይገባኝም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ቅዳሜ ማታ አፕ ከፍቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የአክስቱን ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛውንና የቀድሞ ፍቅረኛውን እህት ሊያይ ይችላል። እነሱም እሱን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናትዮዋ ጆሮ ጋ ይደርሳል። የተፋታና ልጅ ያለው ሰው ላይ ደግሞ ወሬው ይበረታል።

ቲንደርና ባምብል ላይ «ኢንኮግኒቶ» የሚባል የክፍያ አገልግሎት አለ፦ እርስዎ ላይክ ካደረጉት ሰው በቀር ማንም ፕሮፋይልዎን አያይም። ሁሉን አይተው፣ የመረጡት ብቻ ያይዎታል። ከእሱ በፊት ግን ነፃውን ይሞክሩ። ቲንደርም ሂንጅም ላይ ከስልክዎ ማውጫ ስም መርጠው ማገድ ይቻላል፤ የታገደው ሰው በዚያው ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ከተመዘገበ እርስ በርስ አትተያዩም። የአጎት ልጆችንና የማኅበር አባላትን ማገድ አንድ ምሽት ይበቃዋል። ስልክ ቁጥራቸውን የማያውቋቸው የሚያውቁዎት ሰዎች ብዙ ከሆኑ ያኔ ወደ ክፍያው ይሂዱ።

ባንክ ስቴትመንት ላይ ምን ይታያል ለሚሉ፦ በአፕል በኩል ከከፈሉ የሚታየው የአፕል ስም ነው፤ በጉግል ፕሌይ በኩል ከሆነ ግን ከጉግል ስም ጋር የአፑ ወይም የሠሪው ድርጅት ስም ሊታይ ይችላል። ድረ ገጹ ላይ በቀጥታ ከከፈሉ የድርጅቱ ስም ሊወጣ ይችላል። ካርዱ የጋራ ከሆነ ያስቡበት።

የከፈለ ሰው የበለጠ ይሳካለታል የሚል ማስረጃ አለ?

በከፊል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል በ2022 ባደረገው ጥናት ከአሜሪካ አዋቂዎች 30 በመቶው አንድ ጊዜ እንኳ እነዚህን አፖች ሞክረዋል፤ ከሞከሩት ውስጥ 35 በመቶው ከፍለዋል። ከከፈሉት 58 በመቶው ልምዳቸው ጥሩ እንደነበር ሲናገሩ፣ ካልከፈሉት ደግሞ 50 በመቶው ይህንኑ ብለዋል። ልዩነቱ 8 ነጥብ ነው። እሱም ቢሆን ክፍያው ያመጣው ነው ለማለት ይከብዳል፤ የሚከፍሉት በዕድሜ በሰል ያሉና ገቢያቸው ሻል ያለ ናቸው፤ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ያለው፣ የሚፈልገውንም ያወቀ ሰው ሳይከፍልም ሊቀናው ይችላል። በኢንተርኔት መተዋወቁ ራሱ ግን ቀልድ አይደለም፦ የስታንፎርዱ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በ2017 ከተገናኙት የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶው የተገናኙት በኢንተርኔት ነው።

ለምን እኔ ውድ፣ ጓደኛዬ ርካሽ ተጠየቀች?

ዋጋው ለሁሉም አንድ ስላልሆነ። ቲንደር በ2015 ፕላስ የሚባለውን ክፍያ ሲጀምር አሜሪካ ውስጥ ከ30 ዓመት በታች ለሆኑት 9.99፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 19.99 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ይህ በዕድሜ ማዳላት ነው የሚለውን ክስ ተቀብሎታል። ከዚያ ወዲህም ዋጋው እንደ አገሩ፣ እንደ ጊዜውና እንደሚቀርብልዎት ቅናሽ ይለያያል። ሁለት ነገር ያግዛል፦ የክፍያ ስክሪኑን ከፍተው ሳይከፍሉ ይውጡ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቅናሽ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የአፑን ድረ ገጽ በኮምፒውተር ከፍተው ዋጋውን ያወዳድሩ፤ አፕልና ጉግል ከሽያጩ ድርሻ ስለሚወስዱ አንዳንዴ ድረ ገጹ ላይ ይቀንሳል።

ላይኛው ጣሪያ ላይ ያለውን ደግሞ ለጨዋታ ያህል ይስሙት፦ ቲንደር በ2023 በወር 499 ዶላር የሚያስከፍል «ሴሌክት» የተባለ አገልግሎት ጀምሮ ነበር። በዚያ ገንዘብ ደህና ሽማግሌ ተልኮ ይመለሳል።

የ6 ወሩ በወር ሲሰላ ርካሽ ነው። እሱን ብወስድስ?

አይውሰዱ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። እንበል የአንድ ወሩ 30 ዶላር፣ የስድስት ወሩ ደግሞ «በወር 15» ተብሎ ተጽፏል። ዓይንዎ 15ን ያያል፤ ካርድዎ ላይ ግን በአንዴ 90 ይወርዳል። በሁለተኛው ወር ቢሰለችዎት ለሁለት ወር 90 ከፈሉ ማለት ነው። አዲስ ተመዝጋቢ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ይታያል፣ ብዙ ሰውም መጀመሪያ ላይ ነው የሚተጋው፤ የሚሆነውና የማይሆነው ባንድ ወር ውስጥ ይለያል። ስድስተኛው ሲያልቅ ሳይጠይቅዎት ሌላ 90 እንደሚወስድም አይርሱ።

«አንድ ሰው ጽፎልዎታል፣ ለማንበብ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እውነት ነው?

እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ምክንያት ብቻ አይክፈሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 የማች ዶት ኮምን ባለቤት ማች ግሩፕን የከሰሰው በዚሁ ጉዳይ ነው። ክሱ እንደሚለው ኩባንያው ራሱ አጭበርባሪ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከጠረጠራቸው አካውንቶች የመጡ መልእክቶችን ላልከፈሉ ሰዎች «አንድ ሰው ፈልጎሃል» እያለ ይልክ ነበር፤ ሰው ከፍሎ ሲገባ የሚያገኘው አጭበርባሪውን ወይም የተዘጋ አካውንት ነው። «በስድስት ወር ውስጥ ሰው ካላገኙ ሌላ ስድስት ወር በነፃ» የሚለው ዋስትናም በደንብ ያልተነገሩ ቅድመ ሁኔታዎች እንደነበሩበት ክሱ ላይ ተጠቅሷል። ጉዳዩ በ2025 በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ያ ኩባንያ የቲንደርና የሂንጅም ባለቤት ነው።

የሚከፈልበት አፕ ላይ አጭበርባሪ አይኖርም አይደል?

ይኖራል። ሺህ ዶላር ለመውሰድ የመጣ ሰው 30 ዶላር መክፈል አይከብደውም። የዚሁ ኮሚሽን መረጃ እንደሚያሳየው በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም እንደተጭበረበሩ አመልክተዋል፤ ያጡት ገንዘብ ሲደመር 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው።

የሚታወቁት ምልክቶች አልተቀየሩም፦ ገና በሁለተኛው ቀን ወደ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም እንሂድ ማለት፣ ቪዲዮ በተጠራ ቁጥር ካሜራ መበላሸት፣ «ዕቃ ልኬልሽ ጉምሩክ ተይዟል»፣ «አብረን ክሪፕቶ እንግዛ»። ዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶች ላይ የሚመጣው ግን መልኩ ሌላ ነው። ሰውየው የሚያወራው ስለ ትዳር ነው፤ አገር ቤት ነው ያለው፣ አማርኛው የታረመ ነው፣ እናቱንም በስልክ ያገናኛል። ከወራት በኋላ «ቦታ ተገኝቷል፣ በስማችን እንግዛ» ይላል፣ የሁለት ዓመት ደመወዝም በሐዋላ ይሄዳል። ውሉ ላይ የሚጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ቤተሰብዎ ሄዶ ሰውየውን በአካል ይይ፤ ቦታውንም፣ ሰነዱንም።

ቦታ ቀይሬ አዲስ አበባ ያሉትን ለማየት ብከፍልስ?

ቲንደር ላይ «ፓስፖርት» የሚባለው ይሄ ነው፤ ለገና ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢገዛው ይጠቅመዋል። ሲደርስ ሦስት ወይም አራት ሰው በአካል ያገኛል፣ ይለያል፣ ይመለሳል። የጉዞ ዕቅድ ሳይኖር ዓመት ሙሉ ከሩቅ መጻጻፍ ግን ሁለቱንም ወገን ያደክማል። ነገሩ ከጠነከረና አሜሪካዊ ዜጋ ሆነው በእጮኛ ቪዛ ሊያመጧት ካሰቡ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችሁን ማሳየት ይጠበቅባችኋል። የቻት ታሪክ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ለአፑ የሚከፍሉትን ለአውሮፕላን ቲኬቱ ቢያጠራቅሙት ይሻላል።

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ለእኔስ?

ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ክፍያው በዶላር ነው፣ የተለመደው የብር ካርድ ደግሞ አይሠራም። ብር ሐምሌ 2024 ላይ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ሊነካ ቀርቦ አልፎታል። የ20 ዶላር ክፍያ ከ1,150 ብር ገደማ ከ2,000 ብር በላይ ገባ ማለት ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ላይ ማስከፈል ደግሞ መዘዝ አለው፦ እርስዎ ረስተውት በየወሩ ከወንድምዎ ላይ ይቆረጣል፣ ምን እንደሆነም ይጠይቅዎታል።

በቴሌግራም የሚሠሩ የትዳር አገናኞችም «የመመዝገቢያ» ይጠይቃሉ። ሁሉም ሌባ አይደለም፤ ግን ማንንም ሳያሳይ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅና ፎቶዎን ቻናል ላይ ያለ ፈቃድ የሚለጥፍ ከሆነ ይተዉት።

እንዴት ነው የሚቆመው? አፑን አጥፍቼው አሁንም ይቆርጥብኛል።

አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ ገብተው ስምዎን ይንኩ፣ «ሰብስክሪፕሽን» የሚለውን ይክፈቱ፣ አፑን መርጠው ካንስል ያድርጉ። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ፎቶዎን ነክተው ክፍያና ሰብስክሪፕሽን ወደሚለው ይሂዱ። ከመታደሱ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ይሁን። በድረ ገጽ ከፍለው ከሆነ ግን እዚያ አያገኙትም፤ ድረ ገጹ ላይ ገብተው ነው የሚያቆሙት። የሚሻለው በከፈሉበት ቀን ወዲያው ካንስል ማድረግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ አገልግሎቱ ይቀጥላል።

ገንዘብ ማስመለስን በተመለከተ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታን ጨምሮ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከተመዘገቡ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ 14 ቀን አለዎት፣ የተጠቀሙባቸው ቀናት ሊቀነሱ ቢችሉም። ጀርመን ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድረ ገጽ ላይ ውል የሚያዋውል ድርጅት ማቋረጫ ቁልፍ እንዲያስቀምጥ ታስገድዳለች፤ ከመጋቢት 2022 ወዲህ የተገባ ውል የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል። እስራኤልም ከሩቅ ለተፈጸመ ግዢ የ14 ቀን መብት አለ፤ በስልክ አነጋግሮ ያስመዘገበዎት የትዳር አገናኝ ድርጅት ከሆነና ዕድሜዎ ከ65 ዓመት በላይ ወይም እስራኤል ከገቡ ገና አምስት ዓመት ያልሞላዎት ኦሌ ኻዳሽ (አዲስ ገቢ) ከሆኑ እስከ አራት ወር ይረዝማል።

አንድ ወር ከፍዬ ምንም አልመጣም። ልድገመው?

የቱ ጋ እንደቆመ ይዩ። ላይክ ካልመጣ ችግሩ ፎቶው ወይም የሰው ማነስ ነው። የሠርግ ላይ የቡድን ፎቶና መነጽር የተደረገበት የመኪና ውስጥ ሰልፊ ካለ ያውጡት፤ ቀን በደጅ የተነሳ፣ ፊትዎ በደንብ የሚታይ ፎቶ ያስገቡ። ይሄ ነፃ ነው። ማች መጥቶ ወሬው «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው» ላይ ከሞተ፣ ችግሩ ክፍያ የሚፈታው አይደለም። ወሬው ጥሩ ሆኖ መገናኘት ካልተቻለ ቀጠሮ ቶሎ ይጠይቁ። ሦስቱንም አስተካክለው በነፃ ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ለውጥ ካዩ ብቻ ሌላ ወር ይክፈሉ።

ሰው አግኝቻለሁ፤ ገና አራት ወር ክፍያ ይቀረኛል። ይመለስልኛል?

ባብዛኛው አይመለስም። ዛሬውኑ ካንስል ያድርጉና አካውንቱን ራሱን ይሰርዙ፤ አፑን ብቻ ካጠፉ ፕሮፋይልዎ ለሌሎች መታየቱን ሊቀጥል ይችላል፣ ከሚያዩት ሰዎች መካከል ደግሞ የእጮኛዎ የአክስት ልጅ ልትኖር ትችላለች።